እናንተ ጠይቁ፣ እኛ እንመልስ፦ ኮሮና ተማሪ ሆነው ያገኛቸው ሰዎች ደብዳቤ

ባለፈው እትም አንድ ጥያቄ አቅርበን ነበር። ኮሮና ሲገባ ተማሪ ነበራችሁ? ቤታችሁንና ጓደኝነታችሁን ምን አደረገው? ብዙ ደብዳቤ ደረሰን። ስለ በሽታው የሚያወራው ግን ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ስለ እናት፣ ስለ ወንድም፣ ስለ ዶርም ጓደኛ፣ በወጉ ስላልተለቀሰ ለቅሶ ነው።

ያኔ ልጅ ለነበራችሁ ጊዜውን ባጭሩ ላስታውስ። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ተባለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ከግቢ እንዳትወጡ ተብለው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ እነሱም ወደየቤታቸው ተላኩ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፣ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ያ 15 ቀን ተራዝሞ ተራዝሞ ክረምቱን አለፈ፤ ትምህርት ቤቶች በየተራ መከፈት የጀመሩት ጥቅምት 2013 ላይ ነው። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ከረመ።

እኔ ደብዳቤዎቹን ሳነብ አንድ ነገር ይበልጥ ግልጽ ሆነልኝ። ያኔ ሁላችንም “ቢያንስ ልጆቹ ቤታቸው ናቸው” ብለን ተጽናንተናል። ቤታቸው ውስጥ እንዴት እንደከረሙ ግን የጠየቃቸው ሰው የለም። ዛሬም ድረስ ያልተጠየቁ አሉ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ለእነሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፈው ከአዳማ ነው። በ2012 የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ግቢ ልቀቁ ስንባል አንድ ቦርሳ ይዤ ወጣሁ፣ ብርድ ልብሴም ደብተሬም ሎከር ውስጥ ቀረ። አባቴ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ትራንስፖርት ሲቆም እሱም ቤት ዋለ። ታላቅ ወንድሜም ከሚማርበት መጣ። የቤት ሠራተኛችን ደግሞ ወደ አገሯ ተሸኘች። ከዚያ በኋላ ቤቱ እኔ ላይ ወደቀ። ሊጡ፣ እንጀራው፣ ልብሱ፣ ቡናው፣ ታናናሾቼን ማስጠናቱ። ወንድሜ ፊልም ያያል፣ ሲለው ደግሞ በቴሌግራም የተላከለትን ሃንድአውት ያነባል። እኔ የእኔን የምከፍተው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነበር። አንድ ቀን “እኔም እኮ ተማሪ ነኝ” ብላት እናቴ “ትምህርቱ የታለና?” አለችኝ። አሁን ተመርቄ ሥራ ይዣለሁ፣ ያቺ ንግግር ግን ከውስጤ አልወጣችም። ከእናቴ ጋር በትንሽ በትልቁ እንጋጫለን። ሌላው ጉዳይ፣ ዶርም ውስጥ በጣም የምቀርባት ጓደኛዬ ገጠር ቤተሰቦቿ ጋ እንደሄደች አልተመለሰችም። አግብታለች ሲባል ሰምቻለሁ። አንድም ቀን አልደወልኩላትም፣ አሁን ደግሞ አፈርኩ። እስከ ዛሬ እናቴ ላይ መናደዴ ልክ ነው? ለጓደኛዬስ በምን ፊቴ ልደውል?

መልስ፦ እህቴ፣ መናደድሽ ልክ ነው። “ባህላችን ነው፣ ቻይው” የሚልሽን ሰው አትስሚው። አንቺም እንደ ወንድምሽ ተማሪ ነበርሽ፣ አንቺም እንደሱ ከጓደኞችሽ ተነጥለሽ መጥተሻል፣ እሱ ግን እንግዳ ሆኖ ሲከርም አንቺ ሠራተኛ ሆነሽ ከረምሽ። ይሄ በደል ነው። ስሙን መጥራት አለብን።

ግን እስቲ ያን ቤት አንድ ጊዜ ከላይ ሆነሽ እይው። የአባትሽ ገቢ ቆሟል። ቤት የሚውለው ሰው በዝቷል፣ ስለዚህ የሚበላውም የሚታጠበውም በዝቷል። የምትሠራዋ ልጅ ሄዳለች። በዚያ ላይ ፍራቻው አለ፤ ገበያ የሄደ ሰው ሲመለስ በር ላይ እጁን ታጥቦ፣ የገዛውን ቲማቲም ሳይቀር አጥቦ ነበር የሚገባው። ሥራው እጥፍ ሲሆን የሚሠራው እጅ ቀነሰ፣ የጎደለውን ያንቺ እጅ ሞላው። ማንም ተቀምጦ “ልጃችን ትሥራ” ብሎ አልወሰነም። ማንም ስላልወሰነውም እስከ ዛሬ ይቅርታ የሚጠይቅ የለም። ብዙ ቤት እንዲህ ነው የሆነው። ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ያንቺን የሚመስሉት ሁሉ የሴቶች ናቸው፣ አንድም ወንድ “እንጀራ ስጋግር ከረምኩ” ብሎ አልጻፈም።

“ትምህርቱ የታለና?” ያለችሽን ንግግር ደግሞ እይው። ላንቺ “አንቺ ተማሪ አይደለሽም” ማለት ነበር። ለእናትሽ ግን ግቢው ተዘግቷል፣ መምህር የለም፣ ፈተና የለም። ስልክ ላይ ያቀረቀረች ልጅ እያጠናች ነው ወይስ እየተጫወተች እሷ በምን ትለያለች? ሰኔ 23 ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋርጦ ለሳምንታት ጠፋ፤ ያኔ ሃንድአውቱንም ማውረድ አልተቻለም። ትምህርቱ በእርግጥም ከዓይን ጠፍቶ ነበር። ይህን የምልሽ እናትሽን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ንግግሩ ከክፋት እንዳልመጣ ብታውቂ ለመነጋገር ይቀልሻል ብዬ ነው።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ወንድምሽ ፊልም እያየ ነው። አባትሽም ቤት ውለዋል። የተናደድሽው ግን እናትሽ ላይ ብቻ ነው። እናትሽ እኮ እዚያው ኩሽና ውስጥ አጠገብሽ ነበረች። አብራሽ ስለነበረች ነው ንዴቱ እሷ ላይ ያረፈው። የወንድምሽን ድርሻ ለወንድምሽ ስጪው። ደውይለት፣ “ያን ክረምት እኔ ምን እየሠራሁ እንደነበር ትዝ ይልሃል?” በይው። ምናልባት ጭራሽ አላየውም። ይይ። ነገ እሱም ልጅ ይወልዳል፣ ቤት ያስተዳድራል።

ለእናትሽ ስትነግሪያት በበዓል ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ወይም ሌላ ጭቅጭቅ መሃል አታንሺው። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ሽንኩርት እየላጣችሁም ቢሆን፣ ያንን አንድ ቀን ንገሪያት። “ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ” አትበያት። “ያን ቀን እንዲህ ስትይኝ እንዲህ ተሰማኝ” በያት። ከዚያ ዝም በይና እሷ ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈችው ጠይቂያት። ገንዘብ ሲያልቅ ከማን ተበደረች? ማታ ምን እያሰበች ነበር የምትተኛው? ይህን አንቺም አታውቂውም። ወዲያው ይቅርታ ላትልሽ ትችላለች፣ እናቶቻችን ይቅርታን ብዙ ጊዜ የሚሉት የምትወጂውን ምግብ በመሥራት ነው። ተቀበያት።

ደግሞ ደካማ ሆኜ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ ጨምሯል፣ ይበልጥ የተጎዱትም ወጣቶችና ሴቶች ናቸው። አንቺ ሁለቱንም ነሽ።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ደውይላት። ዛሬ ደውይ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በገጠር ስንት ልጅ እንደተዳረች የሚያውቅ ያውቃል፤ ዩኒቨርሲቲ የደረሱትም ቤት ሲመለሱ “እስከ መቼ ትቀመጫለሽ” ተብለዋል። ወዳ ይሁን ተገዳ አታውቂም። ስለዚህ “ለምን ቀረሽ?” ብለሽ አትጀምሪ። “ናፍቀሽኝ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው” በያት፣ ይበቃል። ስለ ዶርሙ አውሩ፣ ስለ ካፌው ወጥ፣ ስለ ሳቃችሁ። ስለ ምርቃትሽ ካልጠየቀችሽ አትንገሪያት። ምናልባት እሷም እንዳንቺው አፍራ ነው የጠፋችው፣ ከመሃላችሁ አንዷ መቅደም አለባት። ቁጥሯ ካልሠራ የባቻችሁን ቴሌግራም ግሩፕ ጠይቂ፣ ከአንድ አገር የመጣ ሰው አይጠፋም። መማር እፈልጋለሁ ካለችሽ በርቀትም በማታም መንገድ አለ፣ ያን ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ስልክ አንሺው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። በ2012 ክረምት የኮሮና ሕሙማን ማከሚያ ማዕከል ተመድቤ ነበር። ከሥራ በኋላም ተለይተን ስለምንቆይ ለሳምንታት ቤቴ አልገባም ነበር። ልጄ ያኔ 4ኛ ክፍል ነው፣ ከእናቴ ጋር ተውኩት። በመጣሁበት ቀን እየሮጠ ሲመጣ “እንዳትነካኝ!” ብዬ ጮህኩበት። አሁን 10ኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ክፍሉ ገብቶ ይዘጋል፣ ምሳውንም እዚያው ይበላል። ጓደኛ የለውም፣ ያለው ስልክ ነው። ስልኩን ልቀማው? ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ ሲስተር፣ ከሁሉ በፊት እናመሰግናለን። ያኔ እናንተ እዚያ ባትገቡ ኖሮ ብዙዎቻችን ዛሬ ወላጅ አይኖረንም ነበር። ልጅዎን “እንዳትነካኝ” ያሉትም ለእሱ ሲሉ ነው። ጥፋት አይደለም።

ስልኩን አይቀሙት። ያን ክረምት እናቱ ያለችው ስልክ ውስጥ ነበር። ጓደኞቹም፣ አስተማሪውም እዚያው። ከሚወደው ሰው ጋር በስክሪን መገናኘትን የተማረው በ10 ዓመቱ ነው፣ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ልጅ ግቢ ውስጥ ተጣልቶ መታረቅን፣ ተሸንፎ መቻልን፣ የማያውቀውን ልጅ ቀርቦ “እንጫወት?” ማለትን ይማራል። እሱ ይህን የሚማርበት ጊዜ ቤት ውስጥ አለፈ። ትምህርት ሲከፈትም በፈረቃ፣ በማስክ፣ ተራርቆ መቀመጥ ነበር። ስለዚህ የሚጎድለው ፈቃድ ሳይሆን ልምምድ ነው። ልምምድ ደግሞ ከትንሽ ይጀመራል። አንድ የአክስት ልጅ ቅዳሜ ቤት ይጥሩ፣ ከእናንተው ጋር ምሳ ይብላ። አንድ ሰው ብቻ። ሲለምድ ሁለት ይሆናል። ኳስም ሆነ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ፣ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ሰዎች የሚያይበት ቦታ ቢኖረው በጣም ይረዳዋል።

ዋናው ግን ይሄ ነው፤ ያን ጊዜ ለልጅዎ ተርከውለት ያውቃሉ? እሱ የሚያስታውሰው እናቱ ስትጮህበት ነው። እዚያ ማዕከል ውስጥ ምን ያዩ እንደነበር፣ ማታ ማታ የእሱን ፎቶ አይተው ይተኙ እንደሆነ፣ ለምን እንደጮሁ አያውቅም። አሁን የሚረዳበት ዕድሜ ላይ ነው። ይንገሩት። ምሳውንም ክፍሉ ድረስ መውሰድ ይቅር፣ ከአንድ ትሪ አብራችሁ ብሉ፣ ባያወራም ግድ የለም፣ ያጉርሱት።

ሁሉንም ግን ኮሮና ላይ አናላክ። በ16 ዓመቱ በሩን የማይዘጋ ልጅ የለም። እንቅልፉ ከተዛባ፣ ምግብ ከቀነሰ፣ ትምህርት ቤት ከቀረ፣ መኖር መሮኛል ዓይነት ነገር ከተናገረ ግን ቀን ሳይሰጡ ባለሙያ ጋ ይውሰዱት። ወዴት እንደሚኬድ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ ሐምሌ 2012 በኮሮና ሞተ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ማዕከል ከገባ በኋላ አላየሁትም። ነጭ የመከላከያ ልብስ የለበሱ ሰዎች ቀበሩት፣ እኛ ራቅ ብለን ቆመን አየን። ድንኳን አልተጣለም። አንዳንድ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተመለሰ፣ አንዳንዱ ጭራሽ አልመጣም። የሰፈር ልጆች “የኮሮና ቤት” ይሉን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት አልሄድም። እናቴ “ሰውን የሚቀብረው ሰው ነው” እያለች ትጨቀጭቀኛለች። እኔ ግን ማን መጣልን ነው የምላት። እንዴት ልርሳው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትርሳው። ነፍሱን ይማር።

እኛ አገር ሐዘን ብቻውን የሚሸከመው ሰው የለም። እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮውንና እንጀራውን፣ ዘመድ ፍራሽ ዘርግቶ ያድራል። አልቃሽ አለ፣ ሰልስት አለ። ሰው ሳያስበው ጥቂት በጥቂት ይወጣለታል። አንተ ይህ ሁሉ አልነበረህም። እንዲያውም ያለቀሰ ሰው ሳታይ ደብተርህን ይዘህ ተቀመጥክ፣ የእናንተ ፈተና ደግሞ ተገፍቶ ተገፍቶ እስከ የካቲት መጨረሻ 2013 አልተሰጠም። ያን ሁሉ ወር ሐዘንህን እየዋጥክ አጥንተሃል። እኔ ስለ ውጤትህ አልጠይቅህም፣ ምንም ይሁን ምን ትልቅ ነገር ነው ያለፍከው።

ያልመጡትንና የመጡትን ግን ለይ። “የኮሮና ቤት” ያሉህ በድለውሃል። ሕጉ መሰብሰብን ከለከለ እንጂ ሰውን ማግለልን አላዘዘም። ለእነሱ ምክንያት አልፈልግላቸውም። በር ላይ ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደረጉት ግን መጥተዋል። ቤታቸው ውስጥ አሮጊት እናት ይኖራቸው ይሆናል፣ መግባት ፈርተዋል፣ አለመምጣትም አልሆነላቸውም። በዚያ ዓመት ለቅሶ መድረስ ማለት ያ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላም ያላልካቸው ውስጥ እነዚህም አሉ።

እናትህንም አንድ ጊዜ አስባት። ባሏን ያለ ድንኳን የቀበረች እሷ ናት። “ሰውን የሚቀብረው ሰው ነው” ስትልህ ስለ ጎረቤት ብቻ የምታወራ አይመስለኝም። የራሷን ቀን እያሰበች ነው። እንደ አባትህ እንዳልቀበር ነው የምትልህ። ይህን ጠይቃት፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፣ አልቅሱም።

አንድ ሐሳብ አለኝ። ሐምሌ 2019 አባትህ 7ኛ ዓመቱ ነው። እንደ ቤታችሁ እምነት የሰባት ዓመት ተዝካር የሚወጣበት ጊዜ ነው። ያን ቀን ያኔ የቀረውን አድርጉለት። ለእድሩ ዳኛ አሁኑኑ ንገሩ፣ “ያኔ ድንኳን አልተጣለልንምና ለተዝካሩ ጣሉልን” በሏቸው። እንቢ የሚል እድር አላውቅም። ድግስ ማብዛት የለበትም፣ ለዚህ ብላችሁ እንዳትበደሩ። ጸሎቱ ይደረግ፣ ዳቦና ጠላ ይኑር፣ ፎቶው ይቀመጥ፣ የሚያውቁት ሰዎች ስለ እሱ ያውሩ። እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ በምን ይቆጣ እንደነበር ካንተ በፊት የሚያውቁት ይነግሩሃል። በር ላይ የቆሙትንም ጥራቸው። የሰደቡህን መጥራት አይጠበቅብህም።

እስከዚያ ድረስ ለአንድ ለቅሶ ሂድ። ልብህ ለሚያዝንለት ሰው፣ ለአንዱ ብቻ። ምንም መናገር የለብህም፣ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ብለህ ትቀመጣለህ። ከከበደህ በአሥር ደቂቃ ትወጣለህ፣ ማንም አይቆጥርብህም።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትምህርት ቤታችን ማርች 2020 ሲዘጋ 9ኛ ክፍል ነበርኩ። አያቴ ልትጠይቀን መጥታ በረራው ሲስተጓጎል እኛው ጋ ቆየች። እናትና አባቴ ሥራቸው ከቤት የሚሠራ ስላልነበር ይወጣሉ፣ እኔና እሷ እንውላለን። እኔ በዙም ስማር እሷ ከኋላዬ ቡና ታፈላለች። ፊደል ያስቆጠረችኝ ያኔ ነው። ሰው ሁሉ መጥፎ ጊዜ ይለዋል፣ ለእኔ ግን በጣም ጥሩ ጊዜ ነበር። ይህን ማለት ነውር ነው? አሁን እሷ አዲስ አበባ ናት፣ እምብዛም አንደዋወልም።

መልስ፦ ምንም ነውር የለውም። ሌላው ስላዘነ የአንተ ደስታ ውሸት አይሆንም። ወላጆችህ በዚያ ፍርሃት መሃል በየቀኑ ሥራ እየወጡ ነው ያን ጊዜ የሰጡህ፣ ይህን ለእነሱም ንገራቸው፤ ልጃችን ብቻውን ዋለ ብለው እስከ ዛሬ የሚቆጩ ይሆናሉ።

አያትህ ጋ ደግሞ ቀን ቆርጠህ ደውል። “ሲመቸኝ” ካልክ አይመችህም። ቅዳሜ ጠዋት ባንተ 9 ሰዓት ሲሆን በእሷ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው፣ ቡና የሚፈላበት ሰዓት። በኖቬምበር መጀመሪያ እናንተ ጋ ሰዓቱ ሲቀየር 11 ይሆንባታል፣ ያን አስቀድመህ ንገራት፣ ስልኩን ይዛ ስትጠብቅ እንዳትውል። በአማርኛ የጻፍከውን ነገር ፎቶ አንስተህ ላክላት፣ ስህተቱን ታርምልህ። ፊደል ያስቆጠረችህ እሷ ናት፣ ደስ ይላታል።

ስለ 2012 የጻፋችሁልን ሌሎች ደብዳቤዎች አሉ፣ በተለይ ከመምህራን። እነሱን በሚቀጥለው እትም ይዘን እንመጣለን። ስማችሁን ባትጽፉም ችግር የለም፣ ያኔ ስንተኛ ክፍል እንደነበራችሁ ብቻ ንገሩን።